ቀዳዳው ብቻውን ዲኤንኤ አይለይም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሳይንስ ዓምዳችሁ በናኖፖር (የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ በሆነው ናኖሜትር በሚለካ ቀዳዳ) ስለሚሠሩ የዲኤንኤ መመርመሪያዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበናል። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ለሰፊው አንባቢ ማቅረብ ያስመሰግናል። ሆኖም ጽሑፉ ዋናውን ነጥብ ስቶታል። ላነበበው ሰው፣ በስስ ሽፋን ላይ የተበሳች ደቃቅ ቀዳዳ የተፈለገውን ዲኤንኤ ከሌላው በራሷ የምትለይ ይመስለዋል። ባዶ ቀዳዳ ይህን አትሠራም። የሚለየው በቀዳዳዋ ግድግዳ ላይ የሚለበጠው ኬሚካልና በእሱ ላይ የሚተከለው አጭር ክር ነው። መሣሪያው የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚያው ላይ ስለሆነ ጉዳዩን ዘርዘር አድርገን ብንጽፍ አንባቢ ይጠቀማል ብለን አሰብን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መሠረቱ ቀላል ነው። ጨዋማ ውሃ የያዙ ሁለት ክፍሎች በአንድ ስስ ሽፋን ይለያያሉ፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው። በሁለቱም በኩል ኤሌክትሮድ ገብቶ 100 ሚሊቮልት ያህል ሲሰጥ አዮኖች፣ ማለትም ቻርጅ ያላቸው የጨው ቅንጣቶች፣ በቀዳዳው በኩል ይሻገራሉ፤ በዚህም በናኖአምፔር የሚለካ ከረንት ይገኛል። ሞለኪውል ሲገባ የአዮኖቹን ቦታ ስለሚይዝ ከረንቱ ለአፍታ ይወርዳል፣ ሲወጣ ይመለሳል። ዋላስ ኮልተር በ1953 የፈጠራ መብት ያገኘበት የደም ሴል መቁጠሪያም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ የቀዳዳው ስፋት ነው። በ1996 ካሲያኖዊች፣ ብራንዲን፣ ብራንተንና ዲመር፣ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ባክቴሪያ በሚሠራው አልፋ ሄሞላይሲን በተሰኘ የፕሮቲን ቀዳዳ ውስጥ ነጠላ የአርኤንኤና የዲኤንኤ ክሮች ሲያልፉ በከረንት መታየት እንደሚችሉ አሳዩ። የዚህ ቀዳዳ ጠባቡ ቦታ 1.4 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ነጠላ ክር ይሾልክበታል፣ 2 ናኖሜትር የሚወፍረው ድርብ ክር ግን አያልፍም።

እንግዲህ የከረንቱ መውረድ የሚነግረን ምንድን ነው? ያለፈው ነገር ምን ያህል እንደሚወፍር፣ በግምት ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ታጥፎ ይሁን ተዘርግቶ እንዳለፈ ይነግረናል። የማን እንደሆነ ግን አይነግረንም። ርዝመታቸው እኩል የሆነ፣ የቤዝ (የዲኤንኤ አራት ኬሚካላዊ «ፊደላት») ቅደም ተከተላቸው ግን ፍጹም የተለያየ ሁለት ድርብ ክሮች በባዶ ቀዳዳ ሲያልፉ ምልክታቸውን መለየት አይቻልም ማለት ይቻላል። በ2014 ለተጠቃሚዎች መሰራጨት የጀመረው ሚንአዮን የተባለው የዲኤንኤ ማንበቢያ መሣሪያ የቤዞችን ቅደም ተከተል የሚያነበው፣ ኢንዛይም ክሩን በዝግታ ቤዝ በቤዝ ስለሚያሳልፍለትና ከረንቱን የሚተረጉም ሶፍትዌር ስላለው ነው። ጽሑፋችሁ ይህንን መሣሪያ ከባዮሴንሰሩ፣ አንድን የተወሰነ ዲኤንኤ ብቻ ከሚፈልገው መመርመሪያ፣ ጋር አንድ አድርጎ አይቶታል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። አንባቢ መሣሪያው የመጣለትን ሁሉ ያነባል፤ ባዮሴንሰሩ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህ ቅደም ተከተል ናሙናው ውስጥ አለ ወይስ የለም?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ኬሚስትሪው ነው። ሃዎርካ፣ ቼሊና ቤይሊ በ2001 በአልፋ ሄሞላይሲን አፍ ላይ አንድ አጭር የዲኤንኤ ክር አሰሩ። ተጣማሪው ክር ሲመጣ ከታሰረው ጋር ስለሚጣመር ቀዳዳው ውስጥ ይቆያል፤ ባዕድ ክር ግን ወዲያው ያልፋል። የአንዲት ቤዝ ልዩነት እንኳ በቆይታው ጊዜ ታየ። በ2007 ኢቅባል፣ አኪንና ባሺር ደግሞ በሲሊከን ላይ የተበሳ ቀዳዳን እንደ ፀጉር መቆንጠጫ በታጠፈ የዲኤንኤ ክር ለብጠው ሌላ ነገር አገኙ፦ ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው ክር አንዲት ቤዝ ከሳተው ይልቅ ፈጥኖ አለፈ። ብዙ ሰው «የሚወደደው ይዘገያል» ብሎ ስለሚጠብቅ ይህ ያስገርማል። ግድግዳው ላይ ብዙ ክሮች ሲኖሩ ግን እንግዳው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ያልፋል። ስለዚህ «ምልክቱ ምንድን ነው፤ መዘግየት፣ መፍጠን ወይስ የከረንቱ በቋሚነት መውረድ?» የሚለው ከሙከራው በፊት መወሰን ያለበት ነው። ውጤቱን አይቶ ምልክት የሚመርጥ ሰው ሁልጊዜ የሆነ ነገር ያገኛል።

አሁን ወደ ልበጣው እንግባ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ሽፋን ውፍረቱ 20 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ሲሊከን ናይትራይድ ነው። ቀዳዳው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ጨረር ይበሳል፤ አለበለዚያ በጨው ውሃ ውስጥ ከፍ ያለ ቮልቴጅ እየሰጡ ሽፋኑ አንድ ቦታ ላይ እስኪሸነፍ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው መንገድ ከ2014 ወዲህ ብዙ ተጠቃሚ አግኝቷል፤ ማይክሮስኮፕ አይፈልግም። ከዚያ ሽፋኑን የተሸከመው ቺፕ ሦስት እጅ ሰልፈሪክ አሲድና አንድ እጅ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በተቀላቀለበት ይታጠባል። ፐርኦክሳይዱ ወደ አሲዱ በዝግታ ይጨመራል እንጂ በተቃራኒው አይደለም፤ አሴቶን ወይም አልኮል የነካው ዕቃ አጠገቡ አይደርስም፤ ክዳን ባለው ዕቃም አይቀመጥም፤ ይፈነዳል። እጥበቱ ቆሻሻ ከማንሳቱ በላይ ቀጣዩ ኬሚካል የሚይዝባቸውን የሃይድሮክሲል ቡድኖች በግድግዳው ላይ ያወጣል።

ቀጥሎ አሚኖ ሳይሌን ነው፤ በአንድ ጫፉ ግድግዳውን ይይዛል፣ በሌላው አሚን የተባለውን ቡድን ወደ ውጭ ያወጣል። ከ1 እስከ 2 በመቶ ውሃ በሌለው ቶሉይን ወይም ኢታኖል ተበጥብጦ ቺፑ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይነከራል፤ በዚያው ፈሳሽ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ከዚያ በ110 ዲግሪ ሴልሺየስ ለግማሽ ሰዓት ይደርቃል። ብዙው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱ እርጥበት ነው። ጠርሙሱ ደጋግሞ ከተከፈተ ወይም ፈሳሹ ውሃ ካለበት ሳይሌኑ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይጓጉላል፤ አንድ ሞለኪውል ውፍረት ያለው ልባስ ሲጠበቅ ጉብታ ይሠራና ጠባቧን ቀዳዳ ይደፍናታል። በናይትሮጅን ሲደርቅም ነፋሱ በጎን በኩል እንጂ ፊት ለፊት መምጣት የለበትም፤ 20 ናኖሜትር ሽፋን ይቀደዳል።

ከዚያ አሚኑን ከክሩ ጋር የሚያገናኘው 2.5 በመቶ ግሉታራልዲሃይድ በፎስፌት በፈር (ፒኤች እንዳይለዋወጥ በሚጠብቅ ፈሳሽ) ለአንድ ሰዓት ይሰጣል። ቢጫ መሆን የጀመረ ግሉታራልዲሃይድ አርጅቷልና አይጠቅምም። በመጨረሻ ጫፉ ላይ አሚን ያለው የዲኤንኤ ክር በ1 ማይክሮሞላር መጠን ሌሊቱን ይቆይበታል። እዚህ ላይ አንድ ተደጋጋሚ ስህተት አለ። ተሠርቶ የሚመጣ ዲኤንኤ ብዙ ጊዜ የሚሟሟው በትሪስ በፈር ነው፤ ትሪስ ራሱ አሚን ስላለው ከዲኤንኤው እጅግ በዝቶ አልዲሃይዶቹን፣ ማለትም የግሉታራልዲሃይዱን ያዥ ጫፎች፣ ቀድሞ ይይዛቸዋል። በማግስቱ ቀዳዳው የተለበጠ ይመስላል፣ ከረንቱም ትንሽ ቀንሷል፤ ግን አንድም ክር አልተተከለም። መድኃኒቱ ዲኤንኤውን አስቀድሞ ከትሪስ አጣርቶ በፎስፌት ማሟሟት ነው። አልዲሃይዱ ከአሚን ጋር የሚፈጥረው ቦንድም እንዳለ ከተተወ በውሃ ቀስ በቀስ ይፈታል፤ በሶዲየም ሳያኖቦሮሃይድራይድ ማጽናት ያስፈልጋል። ይህ ኬሚካል አሲድ ካገኘው መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ጋዝ መሳቢያ በሌለበት አይነካም።

የቀሩት አልዲሃይዶች በኢታኖላሚን ይዘጋሉ። ይህን ሁሉም ያደርገዋል። የሚረሳው የቀረው አሚን ነው። አሚን በፒኤች 7 ፖዚቲቭ ቻርጅ አለው፤ ዲኤንኤ ደግሞ በሙሉ ኔጌቲቭ ነው። ያልተሸፈነ አሚን ያለበት ግድግዳ ቅደም ተከተል ሳይመርጥ የመጣውን ዲኤንኤ ሁሉ ይስባል። ከረንቱ ይወርዳል፣ ሥዕሉ ያምራል፣ መሣሪያው ግን ምንም አልለየም። ርዝመቱ እኩል የሆነ ባዕድ ክር በዚያው መጠን ሰጥቶ ከረንቱ ንቅንቅ እንደማይል ያላሳየ ሙከራ በእኛ አስተያየት ገና አልተጀመረም።

ልባሱ መቀመጡ በምን ይታወቃል? በስሌት ነው። የ1 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም በ25 ዲግሪ 11 ሲመንስ በሜትር ገደማ ነው። ስፋቱ 10፣ ርዝመቱ 20 ናኖሜትር የሆነ ቀዳዳ፣ የሁለቱ አፎች ተቃውሞ ተጨምሮበት፣ 31 ናኖሲመንስ ያህል ይሰጣል፤ ማለትም በ100 ሚሊቮልት 3.1 ናኖአምፔር። ግድግዳው ዙሪያውን 1 ናኖሜትር ልባስ ቢያገኝ ስፋቱ 8 ይሆንና ከረንቱ ወደ 2.1 ይወርዳል፤ አንድ ሦስተኛው ጠፋ ማለት ነው። ከዚህ በጣም ያነሰ ቅናሽ ከታየ ልበጣው አልያዘም፤ በጣም ከበዛ ሳይሌኑ ጓጉሏል ወይም ቀዳዳው ውስጥ አየር አለ። አየሩን ለማወቅ ቺፑን በኢታኖልና በውሃ ቅይጥ ማርጠብ፣ ከዚያ አየሩ በወጣለት ጨው ማጠብ ይበቃል፤ አየር ከሆነ ከረንቱ ይመለሳል፣ ልባስ ከሆነ አይመለስም።

የክሩን ርዝመት መምረጥ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የሰው ጂኖም 3 ቢሊዮን ቤዝ ገደማ ነው። 16 ቤዝ ያለው ክር 4.3 ቢሊዮን ዓይነት ቅደም ተከተል ሊኖረው ስለሚችል፣ በጂኖሙ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ እንዲገጥም ከተፈለገ ከዚህ ማጠር የለበትም፤ 20 ቢሆን ይሻላል። ክሩ በረዘመ ቁጥር ግን የአንዲት ቤዝ ስህተትን ይሸከማል፤ መለየቱ ይደክማል። ሌላም አለ። ነጠላ ክር ልል ስለሆነ ግድግዳው ላይ ይተኛል፤ ሲጣመር ግን ይገተራል፣ 20 ቤዝ ያለው ድርብ ክር 6.8 ናኖሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ይሆናል። ከልበጣ በኋላ 8 ናኖሜትር በቀራት ቀዳዳ ውስጥ ይህን የሚያህል ዘንግ መቆም ይቸግረዋል፤ ከፊት ለፊቱም ሌሎች ክሮች አሉ። ስለዚህ ጥንዱ ውስጥ ሳይገባ አፉ ላይ ይቀራል። ለ20 ቤዝ ክር ከመጀመሪያው ከ15 እስከ 20 ናኖሜትር የሰፋ ቀዳዳ መብሳት ይሻላል፤ የከረንቱ ለውጥ በመቶኛ ያንሳል፣ ግን መጣመሩ እውነተኛ ይሆናል።

ጨውም ሁለት ጌታ ያገለግላል። በ1 ሞላር የቻርጅ ተጽዕኖ ከግድግዳው የሚርቀው 0.3 ናኖሜትር ብቻ ነው፤ በ10 ሚሊሞላር 3 ናኖሜትር ይደርሳል። የግድግዳውን ቻርጅ መለወጥ እንደ ምልክት መጠቀም የሚፈልግ ጨው መቀነስ አለበት። ጨው ሲቀንስ ደግሞ ሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች በየፎስፌታቸው ቻርጅ ይገፋፉና አይጣመሩም። ከዚህ አጣብቂኝ ጥሩ መውጫ የሆነው በ1991 እነ ኒልሰን ያቀረቡት ፔፕታይድ ኒውክሊክ አሲድ ነው፤ ጀርባው ቻርጅ ስለሌለው በዝቅተኛ ጨውም ከዲኤንኤ ጋር ይጣመራል። ዒላማው ሳይመጣ ልባሱ ቻርጅ የለውም፤ ሲመጣ ኔጌቲቭ ይሆናል። በተለይ አንድ በኩል ሰፊ፣ ሌላ በኩል ጠባብ በሆኑ ቀዳዳዎች ይህ ለውጥ ጎልቶ ይታያል፤ ከረንቱ በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው በልጦ መፍሰስ ይጀምራል። እንዲህ ያሉት ቀዳዳዎች ከባድ አዮን የመታውን 12 ማይክሮሜትር ፕላስቲክ በአንድ በኩል በ9 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በመብላት፣ በሌላው በኩል አሲድ አድርጎ በማስቆም ይሠራሉ። የፔፕታይድ ኒውክሊክ አሲዱ ጉድለት ጉዋኒን የተባለው ቤዝ ሲበዛበት መጓጎሉና ግድግዳ ላይ በከንቱ መለጠፉ ነው፤ ከ15 ቤዝ አካባቢ ባይዘል ይመረጣል።

ሐሰተኛ ምልክት ከየት እንደሚመጣ አንድ ምሳሌ እንስጥ። 1 ሞላር ጨው ባለበት 100 ማይክሮሊትር ላይ 10 ማይክሮሊትር በንጹሕ ውሃ የተሟሟ ዲኤንኤ ሲጨመር ጨው ወደ 0.91 ሞላር ይወርዳል። በሁለቱም በኩል ከተጨመረ ከረንቱ ከ8 እስከ 9 በመቶ ይቀንሳል፤ በአንዱ በኩል ብቻ ከሆነ ግማሹን ያህል። አንድም ዲኤንኤ ሳይጣመር! ናሙናው ሁልጊዜ በዚያው ጨው መሟሟት አለበት። ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲለወጥ ከረንቱ 2 በመቶ ገደማ ይለወጣል፤ ክፍሉ ክፍት ሆኖ ውሃው ሲተን ደግሞ ጨው ይጨምራል። በብር ክሎራይድ የተለበጠው ኤሌክትሮድ ሲያረጅም መነሻው ይንሸራተታል፤ ሽቦውን በበረኪና ነክሮ እንደገና ማጥቆር ነው። ጥቂት በመቶ ለውጥን እንደ ግኝት የሚያቀርብ ሁሉ እነዚህን አንድ በአንድ ማስወገዱን ማሳየት ይጠበቅበታል።

በጽሑፋችሁ ስለተወደሰው የመሣሪያው ንቃትም፣ ማለትም እጅግ ጥቂት ዲኤንኤ የማየት አቅሙ፣ አንድ ነገር እንበል። 1 ፌምቶሞላር ማለት በአንድ ማይክሮሊትር ውስጥ 600 ሞለኪውል ገደማ ነው። አጭር ዲኤንኤ በራሱ እየዋኘ 10 ናኖሜትር ስፋት ያላትን ቀዳዳ እስኪያገኝ ቢጠበቅ፣ በዚህ መጠን አንድ ሞለኪውል ለመድረስ በአማካይ ስድስት ቀን ይፈጃል። የኤሌክትሪክ መስኩ ከግማሽ ማይክሮሜትር ርቀት ጀምሮ ይስበዋል ብንል እንኳ አንድ ሰዓት ተኩል ለአንድ ሞለኪውል ነው። በሁለቱ በኩል ያለውን ጨው ማበላለጥ መስኩን አስፍቶ ይህን ጊዜ ያሳጥራል። ከዚህ የባሰው ግን ልባሱ ራሱ ነው። ቺፑ ሲነከር የሚለበጠው ቀዳዳው ብቻ አይደለም፤ ጠፍጣፋው ገጽ በሙሉ ነው። በየጎኑ 50 ማይክሮሜትር የሆነ ሽፋን የገጹ ስፋት ከቀዳዳው ግድግዳ 4 ሚሊዮን ጊዜ ይበልጣል። ጥቂት የሆነው ዒላማ መንገድ ላይ በጠፍጣፋው ገጽ ተይዞ ይቀራል፣ ቀዳዳው ምንም አያይም። ስለዚህ ወይ ገጹን አስቀድሞ በፖሊኢቲሊን ግላይኮል ማፈን፣ ወይ በቀዳዳው አፍ ዙሪያ ብቻ ወርቅ አስቀምጦ ክሩን በታዮል (ወርቅ ላይ በሚይዝ ሰልፈር ያለው ቡድን) መትከል ያስፈልጋል። «በዚህ መጠን አየን» የሚል ዘገባ ስንት ሰዓት እንደጠበቀና ገጹን ምን እንዳደረገው ካልነገረን ቁጥሩን ለመመዘን አንችልም።

ደም በቀጥታ ጠብ አድርጎ ውጤት ማንበብ የሚለው ሐሳብም ገና ነው። የደም ፕሮቲን በሰከንዶች ውስጥ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ረጃጅም የጂኖም ክሮች ደግሞ ቀዳዳው አፍ ላይ ይጠላለፋሉ። ዲኤንኤው አስቀድሞ ከፕሮቲኑ መለየት፣ ወደ አጭር ቁራጭ መቆረጥ፣ ድርብ ክር ከሆነም በ95 ዲግሪ ሞቆ በፍጥነት በበረዶ ላይ መቀዝቀዝ አለበት፤ ካልሆነ ክሮቹ ተመልሰው እርስ በርስ ስለሚጣመሩ ግድግዳው ላይ ያለው ክር ተራ አያገኝም።

መሣሪያው ከአንድ ምርመራ በኋላ ይጣላል ወይ ለሚለው፣ መልሶ መጠቀም ይቻላል። የተጣመረው ክር በ8 ሞላር ዩሪያ ወይም ጨው በሌለው ሙቅ ውሃ ይፈታል። ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ ግን መነሻው ከረንት መለካት አለበት። ከበፊቱ ከበለጠ ሳይሌኑ እየተላጠ ወይም ናይትራይዱ በጨው እየሟሟ ቀዳዳው እየሰፋ ነው፤ ካነሰ ያልታጠበ ክር ቀርቷል። በሁለቱም ሁኔታ በዚያ ቺፕ የሚወሰደው ቀጣይ ንባብ ከቀድሞው ጋር አይወዳደርም፤ ቺፑ እንደገና መለበጥ ወይም መጣል አለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
በባዮሴንሰር ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ